ተጠቅልሎ የመጣው ሻይ

ለልጄ ለኢምራን፣ አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ። አላህ በዚያ በቻይና ምድር በሰላም ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ አባትህም ጉልበቱን ተሽሎታል።

የላክኸውን ሻይ ፈላና በር ገበያ የሚነግደው አብዱልፈታ አደረሰልኝ። እንደ ቁንዶ በርበሬ ድብልብል ያለ ነው። ቅጠል ነው ስላልከኝ የቡና ቅጠል ቁጢ እንደምናፈላው ቆላሁት፤ ደጋግሜ አፍልቼም ወተትና ጨው ጨመርኩበት። ጎረቤታችን ሳዳ አንዴ ፉት ብላ «መድኃኒት ነው እንዴ?» አለችኝ።

አብዱልፈታ ሲሰማ ሳቀብኝ። ለጋው ቅጠል ተራራ ላይ ተለቅሞ፣ እሳት አይቶ ነው የሚጠቀለለው አለኝ፤ ጥብቅ ብሎ የሚያብለጨልጨው ነው ደህናው። ውሃው ፈልቶ ጥቂት መብረድ አለበት፤ እንደፈላ ከደፉበት ይመራል። እንዳለኝ አደረግኩ። ብርጭቆው ውስጥ ቀስ እያለ ተፈታና ሙሉ ቅጠል ሆነ፤ ጣዕሙም ለስለስ ያለ ነው።

አንተም ስትደውል «ደህና ነኝ» ብለህ ትጠቀለላለህ። እኔ ደግሞ መቼ ታገባለህ፣ መቼ ትመጣለህ እያልኩ የፈላ ውሃ እደፋብሃለሁ። ከእንግዲህ አልቸኩልም።

አላህ ልብህን ያስፋልህ፣ ሪዝቅህን፣ ሲሳይህን ያብዛልህ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ደውልልኝ፤ ሻዬን ይዤ ዝም ብዬ እሰማሃለሁ።

እናትህ ፈትሂያ