አራቷ ዲግሪ

ሰኞ፣ ጥር 6

የመኪና ማንሻውን ክሪክ ፈታሁት። አሮጌዋ መኪናዬ ከሄደች ጀምሮ ጋራዡ ጥግ እንደተጋደመ ነበር። ዘይት ያንጠባጥባል... በዚህ ዕድሜ የማያንጠባጥብ ማን አለ? ዘይት የሚይዘውን የውስጥ ጎማ ቀየርኩለት። ሠራ።

ብረት ማጠፊያ ላደርገው ነው። ሁለት መዘውር ከላይ፣ አንድ መዘውር ከታች። ክሪኩ የታችኛውን ሽቅብ ይገፋል፤ መሃል የገባ ቱቦ ሳይወድ በግዱ ይጎብጣል። መጽሐፍ አላየሁም፣ ማንንም አልጠየቅኩም።

የእህቴ ልጅ ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ ደግሞ ምን ልታፈነዳ ነው?"

ነገርኳት።

"ማዶ ያለው ሰውዬ እኮ አለው። ማሽን። የፋብሪካ።"

የፋብሪካ... እሺ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ሆስፒታል ዋልኩ። ታላቅ እህቴ እትዬ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ምላሷ ብሷል፤ ደህና ናት ማለት ነው። ቅዳሜ 25 ትወጣለች። ሐኪሙ ግን ቁርጡን ነገረን፤ ደረጃው መደገፊያ ካልተሠራለት ፎቅ ቤቷ አትገባም፣ ማገገሚያ ትከርማለች። እትዬ ማገገሚያ የሚለውን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንደዚያ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

ስወጣ ለእህቴ ልጅ "መደገፊያውን ለኔ ተዪው" ልላት አፌን ስከፍት...

"አዝዣለሁ፣ ጋሼ። ለባለማሽኑ።"

"እኔ እያለሁ?"

"አንተ እንዳትደክም ብዬ ነው።"

እንዳልደክም። በዚያ ቤት ያልጠገንኩት ነገር የለም። መደርደሪያው፣ በሩ፣ አልጋው። አልጋው የወደቀው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የተኛበት እንግዳ ከባድ ስለነበረ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

ገጣጠምኩት። ቆንጆ ሆኗል። የደረጃውን መዞሪያ ልክ በልክ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሳልኩ፣ ቁራጭ ቱቦ አስገብቼ ክሪኩን መታሁ፣ ገፋሁ፣ መታሁ። እዚያው ተይዞ ሳለ ከጠመኔው ጋር ልክክ አለ። ስለቀው ተከፈተ።

አምስት ጊዜ ሞከርኩ። አምስቴም ተከፈተ። ክሪኩ ነው። ይሰርቀኛል።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ማዶ ቆሜ አየሁ። በአጋጣሚ። ለሃያ ደቂቃ ያህል።

ሰውየው ሰማያዊ ሽርጥ አለው፤ አንዲት የዘይት ጠብታ የለበትም። ብረት የሚሠራ ሰው እንዴት ንጹሕ ይሆናል? የእህቴ ልጅ የደረጃውን ልክ ይዛለት ሄዳ ነበር። የሆነ ነገር አላት፣ ሳቀች። ግንባሯን በእጇ ይዛ ነው የሳቀችው። የኔን ቀልድ ሃያ ስምንት ዓመት ስትሰማ እንደዚያ ሳቃ ታውቃለች? ፈገግ ትላለች። ለአጎት የሚሰጥ ፈገግታ።

ሲያየኝ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳኝ። ጨዋ ነው። ይሄ ነው የሚያናድደው።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ጠዋት ማጠፊያዬን የዝገት መከላከያ ቀባሁት፣ ቀይ። ከዚያ እጄን በቅጡ ሳልታጠብ ማዶ ተሻገርኩ። "እንኳን ደስ አለህ ልልህ ነው" አልኩት። ማሽን ከገዛ ዓመት ሆኖታል።

"ይግቡ፣ ጋሼ። ወንበር ላምጣልዎት" ብሎ ወደ ጓዳ ገባ።

ማሽኑ ላይ ክብ ሰሌዳ አለ፣ ዲግሪ የተጻፈበት። እጀታው ደርሶ የሚቆምባት አንዲት ብሎን አለች። ብሎኗ የት ላይ ነች? ዘጠና አራት ላይ። ግድግዳው ላይ ደግሞ "ዘጠና" ብሎ በጠመኔ ጽፏል። ዘጠና ጽፎ ዘጠና አራት ያጥፋል። የፋብሪካ ማሽን ይዞ መለካት የማይችል ሰው...

ልነግረው አልኩ። ከዚያ ደግሞ ለምን እነግረዋለሁ? አላልቼ ዘጠና ላይ አሰርኳት። ልክ አደረግኩለት እንጂ ምን አጠፋሁ? አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ባለችበት "ያንተን ማሽን ማን እንዳስተካከለው ታውቃለህ?" እለዋለሁ።

ወንበሩን አመጣልኝ። ተቀመጥኩ። ስለ አየሩ አወራን።

አርብ፣ ጥር 17

ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።

እሁድ፣ ጥር 19

የእህቴ ልጅ መጣች። ቀልድ ወረወርኩላት፣ አልመለሰችም። ክሪኩ ላይ ቁጭ አለች።

መደገፊያው ከግድግዳው ጋር አልገጠመም። ታች ሲያያዝ ላይ አንድ ስንዝር ይርቃል። ሰውየው መልሶ ወስዶ የታጠፈውን እዚያው ላይ ደግሞ ሊያጥፈው ሲል ቱቦው ተጨራመተ። መደብሩ የዚያ ዓይነት ቱቦ ጨርሷል። እሱ ጋ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከተበላሸ ሌላ የለምና ሊያጥፈው አልደፈረም።

"ምን ሆኖ ነው አለሽ?"

"የኔ ጥፋት ነው አለ። ብረት ሲለቁት ትንሽ ወደ ነበረበት ይመለሳል አሉ። ዘጠና ሆኖ እንዲቀር ዘጠና አራት ድረስ ነው የሚያጥፈው። ሳላይ ዘጠና ላይ አጠፍኩት፣ ይቅርታ አለኝ።"

ወለሉ ላይ የሳልኩትን ጠመኔ አየሁ። አምስት የተከፈቱ ቁራጮች። ክሪኩ አልሰረቀኝም ለካ።

ከመሄዷ በፊት "እናቴ ማገገሚያ ልትገባ ነው፣ ጋሼ" አለችኝ።

ሰኞ፣ ጥር 20

ከቤት አልወጣሁም። ሁለቴ ጫማዬን አድርጌ ሁለቴ አወለቅኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ሄድኩ። በሩ ላይ ሆኜ "ያቺ ብሎን..." ስል፣

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለኝ። ብሎኗን አሳየኝ። ከጎኗ ቀይ የአውራ ጣት አሻራ። የኔ። እንደ ማኅተም ቁጭ ብሏል።

"መቼ አየኸው?"

"እሁድ ጠዋት፤ ቱቦው እንቢ ሲለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርካትም?"

"እኔ ሌላ ደንበኛ አላጣም። እሷ ሌላ አጎት ከየት ታመጣለች?"

ጭራሽ ደግም ነው። ይሄንን ደግሞ የት አባቴ ላድርሰው? መሬቱ ቢከፈት እዚያው በገባሁ።

ከዚያ ሽርጡን ፈታና "ያንን መሣሪያዎን ያሳዩኝ" አለኝ። መጣ። ተንበርክኮ መዘውሮቹን አንድ በአንድ በጣቱ አዞረ። የሱ ማሽን ቀጥ ያለ ማዕዘን ነው የሚያወጣው፤ መዞሪያው ላይ መገጣጠሚያ ይኖራል፣ እዚያ ጋ እትዬ እጇን አንስታ መልሳ መያዝ አለባት። "በእርስዎ ከሆነ ግን ሳይቆረጥ ይዞራል" አለ።

ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 22

ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ዕቃ እያጠበች ነበር፣ የያዘችውን አስቀመጠች።

"የእናቴን ደረጃ?"

"የሷ እንደሚታጠፍበት አላሰብኩም።"

"የሌላ ሰው ቢሆንስ ኖሮ?"

ከልጅነቷ ጀምሮ ስትናደድብኝ የማየው ዓይን አይደለም ያየሁት። የትልቅ ሰው ዓይን ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 23

አንድ ቱቦ፣ አንድ ዕድል። እንዳይጨራመት ደረቅ አሸዋ ሞላንበት፣ ጫፍና ጫፉን በእንጨት ወተፍን። እኔ ክሪኩን፣ እሱ ቱቦውን። ትንሽ ገፋ፣ ትንሽ አሳልፍ፣ ለካ። ከጠመኔው መስመር ጋር ልክክ ሲል እጄ ቆመ።

"ይለፉ" አለኝ።

"ልክ መጣ እኮ።"

"ይለፉት፣ ጋሼ። ይመለሳል።"

አለፍኩት። አንድ ጣት ተኩል። ስለቀው ተንፈስ ብሎ መስመሩ ላይ ተኛ። እሱ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። ሽርጡ አሁንም ንጹሕ ነው... እንዴት ነው የሚያደርገው?

ቅዳሜ፣ ጥር 25

እትዬ መጣች። በአንድ እጇ ከዘራ፣ በአንድ እጇ መደገፊያ። የእህቴ ልጅ ከኋላ፣ እኔና ባለማሽኑ ከላይ። ደረጃ በደረጃ። መዞሪያው ጋ ስትደርስ እጇን አየሁ። አላነሳችውም። ተንሸራቶ ዞረ።

እዚያው ቆመች። "ይሄንን ማን ነው የሠራው?"

የእህቴ ልጅ እኔን አየች። ባለማሽኑ ጣሪያውን አየ። እኔ ነኝ ማለት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"መሣሪያው የኔ ነው፤ ዕውቀቱ የሱ" አልኩ። "የመጀመሪያውን ያበላሸሁትም እኔ ነኝ።"

"እሱንማ ልጄ ነግራኛለች" አለች እትዬ። "አንተ ግን ከመቼ ወዲህ ነው የሌላ ሰው ስም የምታነሳው? ሐኪሙ ጉልበቴን ትቶ አንተን ይይ።"

የእህቴ ልጅ ሳቀች። ግንባሯን ይዛ።

ሰኞ፣ ጥር 27

ባለማሽኑ ማጠፊያዬን ተዋሰኝ። ክብ መስኮት ታዝዟል፣ በሱ ማሽን አይወጣም። "ያለ እርስዎ መሣሪያ አይሆንልኝም" አለኝ፣ ደግሜ አስባልኩት። የብሎኗን አሻራ ለምን እንደማያጠፋው ጠየቅኩት። "ይቀመጥ፤ እርስዎ ሲመጡ እንዲጠነቀቁ" አለ።

ንጹሕ ሽርጡን እንደለበሰ ደረቱ ላይ አቅፎት፣ ቀስ ብሎ መንገዱን ተሻገረ። በመስኮት እያየሁት ነው።

እጀታውን ዛሬ ጠዋት አዲስ ቀይ ቀለም እንደቀባሁት አልነገርኩትም።