ነጭ አልሰፋም

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ ሆዴ? የሰባት ወር እንግዳሽ አሁንም እየተራገጠ እንቅልፍ ይነሳሻል? ባለቤትሽስ በየደቂቃው "ደህና ነሽ ወይ?" እያለ ያደርቅሻል? ተይው ይጠይቅ፣ ደግ ሰው ነው። እኔ ደህና ነኝ። ያመመኝ ጥርሴ ብቻ ነበር፤ እሱም ወልቆ አርፏል።

ጉዴ የጀመረው ከዚሁ ጥርስ ነው። ከተነቀለ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ደሙ አልቆም አለኝ። መርፌ ጫር ካደረገኝ ጨርቁ ስለሚበላሽብኝ፣ "ነጭ አልሰፋም" እያልኩ ስንቷን ሙሽራ እንደመለስኩ ታውቂያለሽ። ስፌት ቤት ያሉት ልጆችማ "እትዬ ጥቁሬ" የሚል ስም አውጥተውልኛል። እኔ እኮ ሁሉ ሰው እንዲህ የሚደማ ይመስለኝ ነበር!

ደሙ እምቢ ሲለኝ የሄድኩባት ሐኪም ወጣት ናት። የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል ስትለኝ፣ እንደ ሰው ሁሉ አሥር አሥራ ሁለት ቀን አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ "እትዬ፣ የሰው ሁሉ እንዲያ አይደለም" አለችኝ። ተመረመርኩ። ፎን ዊልብራንድ ይባላል፤ ደም የሚያረጋው ነገር በተፈጥሮ ያንሰኛል ማለት ነው። ልብስ ሰፊ ሆኜ ብራንድ ያለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም፣ ደሜ ውስጥ አገኘሁት!

በዘር ነው የሚመጣው ብላ ቤተሰባችንን ወረቀት ላይ ሣለች። እናትሽስ በምን ሞተች አለችኝ። በወሊድ አልኳት። ደሙ አልቆም ብሎ ነው? ስትለኝ አዎ አልኳት። እማዬ ነጭ አንሶላ አንጥፋ እንደማታውቅ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አንቺ አልደረስሽበትም። ሐኪሟ "ከእሷ ሳይመጣ አይቀርም" ብላ እማዬን በእርሳስ ከበበቻት። አንቺ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ አደረገች።

እህቴ፣ በስድስት ዓመትሽ አዲሱን ቀሚሴን በመቀስ ስትቆርጪብኝ "እናት በላ" ያልኩሽን እኔም አልረሳሁትም። ምላሴን በቆረጠው። ባለፈው ደብዳቤሽ "ልጄም እኔን እንደ እማዬ ያደርገኝ ይሆን?" ያልሽውን ካነበብኩ ወዲህ ምግብ አልበላ ብሎኛል። ሐኪሟ የሣለችውን ወረቀት እዚሁ ውስጥ አጥፌ ልኬልሻለሁ። ያን ክብ ደጋግመሽ እይው። ከዚያ ለሐኪምሽ ውሰጂው፤ ነገ ሳትይ ተመርመሪ። ቢኖርብሽም አትደንግጪ፣ ቀድመው ካወቁ መድኃኒቱን አዘጋጅተው ነው የሚያዋልዱሽ። ለእኔ እንኳ ኪኒን ሰጥተውኝ፣ ይኸው የወር አበባዬ ወደ ስድስት ቀን ወረደ! አስፕሪን የሚባል ግን እንዳትነኪ ብለውኛል፤ አንቺም ሐኪምሽን ሳትጠይቂ ምንም እንዳትውጪ።

ጥቅሉን ቀስ ብለሽ ፍቺው። የሕፃን ልብስ ነው፣ ስድስት ፍሬ። ጣቴ ላይ የብረት ቆብ አጥልቄ ነው የሰፋሁት። አንደኛው አንገትጌ ላይ ግን መርፌዋ አታልላኝ ነጠብጣብ ቀርቶበታል፤ አጥቤ እምቢ ቢለኝ ቀይ አበባ ጠለፍኩበት። ሁሉም ነጭ ነው።

በሰላም ያገላግልሽ። ልጅሽን አቅፈሽ፣ አሳድገሽ፣ ድረሽ ኩለሽ ለማየት ያብቃሽ። ስትወልጂ አጠገብሽ ነኝ።

የቀድሞዋ እትዬ ጥቁሬ፣
ታላቅሽ