የሚልካ ሐቅ

ውድ ሚልካ፣

መዝገብሽን መልሰው ከፈቱት። ለሞተ ሰው "እንደምን ከርመሻል" ብሎ መጀመር ስለማይሆንልኝ በቀጥታ ገባሁበት። አንቺ ብትሆኚ "እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በይ፣ ትንፋሽ ውሰጂ" ትዪኝ ነበር። ቁጭ ብያለሁ። ትንፋሹን ግን ከየት ላምጣው?

ስልኩ የተደወለው በጥር ነው። ገዳያቸው ሳይታወቅ የተዘጉ የቆዩ መዝገቦች እንደገና እየታዩ ነው አሉ፤ ያንቺም ከመደርደሪያ ወርዶ ኢንስፔክተር ባዩሽ የምትባል መርማሪ እጅ ገባ። ደውላ "የሟች እህት ነሽ?" አለችኝ። ሟች! ሰባት ዓመት ሙሉ እቤታችን ውስጥ "ልጄ" ወይ "ሚሉ" እንጂ እንዲህ ተብለሽ አታውቂም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ልዘጋባት ምንም አልቀረኝም።

እማዬ ስትሰማ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። "ጌታ ሆይ፣ ፍርድህ ይዘገያል እንጂ አይቀርም" አለች፣ እየደጋገመች። ለእሷ መዝገቡ ውስጥ ጥያቄ የሚባል ነገር የለም። ገዳይሽ ሸፊ ነው። ቀጨኔን ከላይ እስከ ታች ብትጠይቂ ሸፊ ነው ይሉሻል። የቀረው መፈረዱ ብቻ ነው።

ለአንቺ ስለ ሸፊ መንገር ለቀባሪው ማርዳት መሆኑን አውቃለሁ። ግን አንቺ የምታውቂው ሸፊና ሰው የሚያወራው ሸፊ ሁለት ሰዎች ሆነዋል። ያንቺው ሸፊ ሽሮ ሜዳ፣ አንቺ ከምትሸጪበት ሱቅ አጠገብ፣ የሐበሻ ቀሚስ አንገትጌ የሚጠልፍ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ከስልጤ መጥተው ሠፈራችን መግቢያ ላይ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ከዚያ ድምፅ መስማት ጀመረ፤ የስፌት መኪናውን ትቶ ከግድግዳ ጋር ሲጨቃጨቅ ይውል ጀመር። የእነሱ ዘመዶች ጂን ነው አሉ፣ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መንፈስ ነው አሉ። በሌላ በምንም አይስማሙም፣ በዚህ ተስማሙ! አንቺ ብቻ ነሽ "በሽታ ነው፣ በቃ! ጨጓራ ሲታመም ሐኪም ጋ፣ ጭንቅላት ሲታመም ግን ሰውየው አበደ ተብሎ ይተዋል፣ ምን ማለት ነው?" ብለሽ ከእህቱ ከረይሃና ጋር ይዘሽው ሆስፒታል የሄድሽው።

መድኃኒቱን ሲጀምር ሰው ሆነ። ማታ ማታ ታክሲ መውረጃው ጋ ይጠብቅሽና፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብሎ እስከ በራችን ይሸኝሽ ነበር። እኔ "ቦዲጋርድሽ መጣ" እያልኩ ስስቅብሽ፣ "ሳቂ፣ ሳቂ! ቁልቁለቱን በጨለማ የምወርደው እኔ ነኝ" ትዪኝ ነበር። እውነትሽን ነው፣ እኔ ያኔ በጊዜ ነበር የምገባው።

የዚያን ዕለት ከታክሲ ብቻሽን ወረድሽ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ጠዋት ወንዙ ዳር ተገኘሽ፣ ሻርፕሽ አንገትሽ ላይ ተጠምጥሞ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። እማዬ እንዳትሰማ ተብሎ ያገኙሽ ሰዎችም ያጠቡሽ ሴቶችም አሟሟትሽን ለማንም አላወሩም ነበር፤ ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰው መኪና ነው፣ ገደል ነው እያለ የመሰለውን ይናገር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሸፊ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። እማዬ እግር ሥር ተደፋና "አፉ በሉኝ እማማ ዓለሜ፣ አፉ በሉኝ! የሚልካ ሐቅ አንገቴ ላይ ነው!" አለ። ካጠቡሽ ሴቶች አንዷ ብድግ ብላ "አንገት አለ! አንገቷን በምን አወቀ?" ብላ ጮኸች። አለቀ በቃ። ወንዶቹ ተነሱ። ፖሊስ ባይደርስ ኖሮ እዚያው ይሞት ነበር፤ የፊት ጥርሶቹ ግን እዚያው ቀሩ።

ጣቢያ ሲጠይቁትም "በእኔ ምክንያት ሞተች" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ረይሃና ላስረዳ ብላ ሄዳ "ወንድምሽ ስለሆነ ነው፣ ዘወር በይ" ብለው መለሷት። ወራት አስረው አቆዩት፤ በመጨረሻ ማስረጃ የለም፣ ሰውየውም ታማሚ ነው ተባለና ተለቀቀ። ፍርድ ቤት ቢለቀው ሠፈሩ መቼ ለቀቀው! ብቅ ሲል ድንጋይ ነው። ረይሃና ሌላ መላ ስታጣ ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ላይ የብረት በር አሠርታ ቆለፈችበት። መድኃኒቱንም ከዚያ ወዲህ እምቢ ብሎ አንድ ፍሬ አልዋጠም። ያሳበደው ጸጸት ነው፣ ደም ይጮህበታል ይላል ሰው።

ባለፈው ዓመት ወረዳው አዳራሽ ውስጥ የአእምሮ ጤና ግንዛቤ ማስጨበጫ ተብሎ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ባነር ተሰቀለ፣ ኮፍያና ውኃ ታደለ፣ "የአእምሮ ሕመም እንደ ማንኛውም ሕመም ነው" ተባለና ተጨበጨበ። ያንቺን አባባል ሰረቁሽ! እማዬም ኮፍያዋን ደፍታ መጣች። ከአዳራሹ ወጥተው ሁለት ቅያስ ቢሄዱ ሸፊ ከብረት በር ጀርባ ነበር፤ ማንም ስሙን አላነሳም። ስለ በሽታው ማወቅ ሌላ፣ ስለ በሽተኛው ማወቅ ሌላ መሆን አለበት።

እንግዲህ ኢንስፔክተር ባዩሽ እቤት ድረስ መጣች። ወጣት ናት፣ ከእኔ ብዙ አትበልጥም፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። ድንኳን ውስጥ የሰማነውን እማዬና እኔ ቃላችንን ሰጥተን ብንፈርም፣ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊሄድ ይችላል አለችን። እማዬ እዚያው ልፈርም አለች። እኔም እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰኞ ጣቢያ እንድንመጣ ተቀጠርን።

ከዚያ በፊት ረመዳን ገባ። ግቢያችን ውስጥ ጀዊሪያ የምትባል ተከራይ አለች፣ አምና ከወሎ የመጣች፣ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምትነግድ። በጾሙ ዋዜማ ከሰዓት በሬን አንኳኳች።

"ቤርሲ፣ ነገ ጾም ነው። አፉ በይኝ።"

"ምን አድርገሽኝ ነው ይቅር የምልሽ?"

"የልብስ ገመድሽን ሳልጠይቅሽ ይዤብሽ አውቃለሁ። ደግሞ አንድ ቀን አምቼሻለሁ፤ ኩሩ ናት ብዬ። የጎረቤት ሐቅ አንገቴ ላይ አስቀምጬ ጾም አልይዝም፣ ወላሂ።"

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ።

"አንገቴ ላይ ነው ያልሽው?"

"እ... አዎ። ምነው?"

"ለምን አንገት?"

"ኧረ እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚባለው! የሰው ሐቅ የት ይቀመጣል ታዲያ፣ ኪስ ውስጥ?" አለችና ፊቴን አይታ ደነገጠች። "ውይ፣ ክፉ ተናገርኩ እንዴ?"

ሚሉ፣ በሩን ይዤ ቆምኩ። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የሰው ነገር ያለበት፣ ቃል ያጠፈ፣ ያማ፣ ሳይጠይቅ ዕቃ የወሰደ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ጎረቤቶቻችን በየዓመቱ በዚህ በር እየመጡ ይሉት አልነበረም እንዴ? አንቺ በሕይወት ሳለሽ ይሉት ነበር፣ "ለጌታ ብላችሁ አፉ በሉን" እያልሽ ስትመልሺላቸው ትዝ ይለኛል። ከድንኳኑ ወዲህ ግን አንድም ሙስሊም ጎረቤት በዚህ በር አፉ በሉኝ ብሎ አልመጣም። ማን ይደፍራል? ጀዊሪያ አዲስ ስለሆነች አላወቀችም፤ ባታውቅ ነው የነገረችኝ።

በማግሥቱ ረይሃና ሱቅ ሄድኩ። ዓይኗን እንኳ ሳታነሳ "ምን ልስጥሽ?" አለችኝ።

"ሸፊን ላነጋግረው ፈልጌ ነው።"

"ድንጋይ ይዘሻል?" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አትቀልድም ነበር። ሁለቱንም እጆቼን ከፍቼ አሳየኋት።

አላወቅኩትም። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ከንፈሩ በጥርሱ ቦታ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። እሱ ግን ወዲያው "የሚልካ ትንሿ" አለኝ። አልቻልኩም፣ አለቀስኩ። ቆይቼ ጠየቅኩት። ሰባት ዓመት ሙሉ ፖሊስም፣ ዳኛም፣ እኛም ያልጠየቅነውን።

"ሸፊ፣ የሚልካ ሐቅ ምንድን ነው ያለብህ?"

"ተኛሁ" አለኝ።

"መቼ?"

"አዲስ መድኃኒት ሰጡኝ። እምቢ አልኩ። ለእኔ ብለህ ዋጠው አለችኝ። ዋጥኩት። ማታ እጠብቅሻለሁ ብያት ነበር። ቃል ነው። ከባድ ነው መድኃኒቱ፣ ወሰደኝ። ስነቃ ነግቷል፣ ሰው ያለቅሳል።" ከዚያ ዓይኔን እያየ፣ "እማማ አፉ አሉኝ እንዴ?" አለኝ።

ይኸው ነው። እስከ ዛሬ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ረይሃና በሩ ላይ ቆማ "ይህን ብዬ ያልለመንኩት ሰው የለም፣ ያ ረቢ፣ ያልለመንኩት ሰው የለም" ትላለች። መድኃኒቱን ለምን እምቢ እንዳለም ያኔ ገባኝ። አንቺን የገደለሽ መድኃኒቱ ይመስለዋል።

ወደ ቤት ስመለስ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ደስ አላለኝም። ተናደድኩ። ሸፊ ቢሆን ይሻለኝ ነበር! ሸፊ ከሆነ ገዳይሽ ስም አለው፣ በር ተቆልፎበታል፣ እማዬም ትተኛለች። ሸፊ ካልሆነ ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ምናልባት ድንኳናችን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮ ሲቆረጥም ነበር። ምናልባት ሸፊን ከመቱት አንዱ ነው። እኛ ደግሞ አልፈለግነውም፤ ያገኘነው መስሎን።

ሰኞ እማዬ ሳትነሳ ቀድሜ ጣቢያ ሄድኩና ሁሉንም ለባዩሽ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ይህን ቃል ከተቀበልኩ መዝገቡ ላይ የሚቀር ተጠርጣሪ የለም። ገብቶሻል?"

"ገብቶኛል።"

"እናትሽስ?"

"እናቴ አትምረኝም። ጻፊው።"

ጻፈችው። ረይሃናንም ጠርታ ቃሏን ተቀበለች፣ ሸፊንም የአእምሮ ሐኪም ባለበት አነጋገረችው። ከዚያ በኋላ እኔ ተመልሼ ሄድኩና "በሚልካ ስም አፉ ብዬሃለሁ" አልኩት። ሳላስፈቅድሽ ነው፣ ግን እምቢ እንደማትዪ አውቃለሁ። በማግሥቱ መድኃኒቱን ዋጠ ብላ ረይሃና ነገረችኝ። በሩ ግን እስካሁን ይቆለፋል። ሠፈሩን ማን ያሳምነው?

እማዬ "እህትሽን ሁለተኛ ቀበርሻት" አለችኝ። ጸልዩላት ብላ ሽማግሌዎቹን አመጣችብኝ። አንድ ትሪ ላይ አብራኝ አትበላም። እኔም አፌ አያርፍም፣ "ታዲያ ምንም የማያውቀውን ሰው ላሳስርልሽ?" ብዬ ጮህኩባት። ብዙ ቀን እንዲሁ ተኳርፈን ከረምን።

ትናንት ከሰዓት በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ መንገዱን ታያለች። አንድ የሠፈር ሰው፣ እዚሁ ታች የሚኖር፣ እንደ ወትሮው "እትዬ ዓለሜ፣ እንዴት ዋሉ?" ብሎ አለፈ። አልመለሰችለትም። እስኪሰወር ከኋላው በዓይኗ ተከተለችው። ቀጥሎ ሌላው ሰላም አላት። እሱንም እንደዚያው አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በለሰለሰ ድምፅ፣

"ቤርሲ፣ ታዲያ ማን ነው?" አለችኝ።

"አላውቅም፣ እማዬ" አልኳት።

ተነስታ የግቢውን በር ዘጋችው።

በይ ደህና ሁኚ፣ የኔ እህት። ማክሰኞ ባዩሽ ጋ ቀጠሮ አለኝ፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩትን ወንዶች ስም እንድነግራት። እማዬም አብሬሽ እሄዳለሁ ብላለች።

እህትሽ ቤርሳቤህ
ቀጨኔ፣ መጋቢት 2018 ዓ.ም.