የበጋው ጎማ

ኦስሎ፣ ጥር 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ አልጋነሽ፤

ብርዱ ያልነካው ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ወንድምዎ ወልደሚካኤልም ምግብ ትንሽ እምቢ ቢለውም ደህና ነው።

ያቺ አሮጌ ቮልሱ ዘንድሮም በዚህ በረዶ ትነሳለች። ባትሪዋ እንዳይደክም ማታ ማታ እየነቀለ ቤት ያስገባው ነበር፤ አሁን የምሸከመው እኔ ነኝ። ድሮ መሪዋን ለሰው የማያስነካው ሰውዬ ጎኔ ተቀምጦ ሞተሩን እያዳመጠ፣ «ቀስ በይ፣ ገና አልሞቀችም» ይለኛል።

እዚህ የበረዶ ጎማ ወልቆ የበጋው የሚገጠመው ፋሲካ ሲያልፍ ነው። ትናንት ግን በዚያ ብርድ ከፎቅ ወርዶ የበጋውን ጎማ አወጣና የበረዶውን አስፈትቶ በእጄ አስገጠመኝ። «በጥር ምን አጣደፈህ?» ስለው፣ «ብሎኖቹን በመስቀለኛ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅሽ አጥብቂ፣ እንዳትረሺ» አለኝ።

እትዬ፣ ለፋሲካ ለመምጣት የጠየቁት ቪዛ ከተሳካልዎ ፋሲካን አይጠብቁ።

በሩን ከፍታ የምትጠብቅዎ፣
የዓለምወርቅ