ሳትተረጉሚልኝ ያለፍሽው

ቂርያት ማላኪ
ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ

ለእህቴ፣ ያቭነ ላለችው

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ የሰው ልጅ ስታነሺ ስትጥይ ያመመሽ ወገብ ተሻለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ደህና አይደለንም። እኔ በተለይ ደህና አይደለሁም። ተቆጥቻለሁ፣ የተቆጣሁትም በአንች ነው።

ስልክ አለ አይደለም ወይ ትይኝ ይሆናል። አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስትደውይ ያላነሳሁት ስልኩ ጠፍቶብኝ አይደለም። አንች አፈ ቅቤ ነሽ፤ ሁለት ጊዜ "እታለም" ካልሽኝ ቁጣዬ ይበርዳል፣ እኔ ደግሞ እንዲበርድ አልፈልግም። ልጆቻችንም ስልክ ሲሉ ጆሮ ብቻ ናቸው። ይህን ፊደል ግን አያነቡትም። አዲስ አበባ ተቀምጠን መሄጃችንን ስንጠብቅ ሀሁ ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ። ዕድሜ ልኬን "ይህን ወረቀት አንብቢልኝ" ስልሽ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ በመካከላችን የሚያነብ ሌላ ሰው የለም። ቁጭ ብለሽ ራስሽ አንብቢው።

ኦሪያን ልጄ የውትድርና ግዴታዋን ጨርሳ ከወጣች ወዲህ ነርስ ካልሆንኩ ትል እንደነበር ታውቂያለሽ። የዛሬ ወር ኮሌጅ ሄጄ ልጠይቅ ነው አለችኝ። ብቻዬን ልሂድ እያለች ስትለምነኝ እንደ ሞኝ ካልመጣሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ነጭ ሻሼን አሰርኩ። የምረቃ ወረቀቷን ከነመስታወቱ ከግድግዳው አወረድኩና በፎጣ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ላይ ታቅፌው ሄድኩ። እማ ተይው፣ አያስፈልግም ብትለኝ፣ ዝም በይ፣ ሰው የሚያምነው ሲያይ ነው አልኳት። ጸሐፊዋ ሴትዮ ፎጣውን ስፈታ አየችኝ። ከዚያ ለልጅቱ ቀስ አድርጋ ተናገረች። ምን አለች? አልኩ።

ኦሪያን ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። እማ፣ ይሄ አሥራ ሁለት ዓመት ተምራ ጨርሳለች የሚል ወረቀት ነው፣ ባግሩት አይደለም፤ ባግሩት የለኝም፣ ያለ ባግሩት ደግሞ እዚህ አይቀበሉኝም አለችኝ። አንድ ቃል አላስቀረችም። እንዲህ ነው ማስተርጎም ማለት!

ለካ ሁለት ዓይነት ወረቀት ኖሯል። አንደኛው ትምህርቷን ጨርሳለች የሚል፣ ሌላኛው የመንግሥትን ፈተና ሁሉ አልፋለችና በሩን ክፈቱላት የሚል። እኔ ሁለት መሆናቸውን በሃምሳ ሦስት ዓመቴ፣ በሰው ፊት፣ መስታወት ታቅፌ ቆሜ ሰማሁ። ያንን መስታወት ይዤ የተመለስኩበትን መንገድ ለጠላቴም አልመኝ።

ቤት ስንደርስ ጮህኩባት፤ አልዋሽሽም። ታውቂ ነበር ወይ? አልኳት። ታውቅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ? ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ። ዶዳዬ አብራን ከመጣችበት ከዚያ ቀን ጀምሮ አለችኝ፤ አክስቷን፣ አንችን ማለቷ ነው።

ያን ቀን አስታውሽው። አንች ከያቭነ በሁለት አውቶቡስ መጣሽ፤ እኔ ከቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ከነሥራ ልብሴ ሮጥኩ። ኦሪያን መሀላችን ተቀመጠች። የተማሪዎች አማካሪ ነኝ ያለችው ታሊ ከፊታችን ሆና አንችን አንችን እያየች ትናገራለች፤ ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረችም፣ ዕቃ ልጠብቅ የመጣሁ ይመስል። ብዙ ተናገረች። ኧረ ብዙ! እጇን እያወራጨች፣ ወረቀት እየገለበጠች። አንችም ወደ እኔ ዞረሽ፣ ጥሩ ልጅ ናት ይላሉ፣ ትንሽ ክፍል ያስገቧታል፣ ተማሪ አይበዛበትም፣ በመጨረሻም ሰርተፍኬት ትይዛለች አልሽኝ። ያ ሁሉ ንግግር እንዴት እዚህች ላይ አለቀ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። የዕብራይስጥ ቃል ረጅም ይሆናል ብዬ። ቤሰደር፣ ይሁን አልኩ፣ ፈረምኩ፣ ሴትዮዋን መርቄያት ወጣሁ።

ያስቀረሽውን ኦሪያን ነገረችኝ። ሴትዮዋ በዚያ ክፍል እንግሊዝኛው ያንሳል፣ ሂሳቡም ያንሳል፣ ፈተናዎቹ ሁሉ አይሰጡም፣ ስለዚህ ባግሩት አይወጣላትም ብላ ነበር። ወላጅ ካልተስማማ አይፈርም፣ እንደገና ትፈተንልኝ ማለት ይችላል፣ ከትምህርት በኋላ ማጠናከሪያ ይሰጣት ማለት ይችላል ብላ ነበር። እናትየዋ ምን ትላለች? ብላም ጠይቃሽ ነበር እኮ! እናትየዋ! አንችም እኔን ሳትጠይቂ "እናትየዋ ተስማምታለች" አልሻት። ኦሪያን ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሁለቱንም ቋንቋ ትሰማለች። ልትናገር ስትል ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን ጨበጥ አደረግሻት። ዶዳዬ የምታውቀው ነገር ቢኖር ነው ብላ ዝም አለች።

እንዳትደነግጭ ብዬ ነው ልትይኝ ነው። አውቃለሁ፣ ወጋችን ነው። ሰው ሲሞትበት "ትንሽ አሞታል" እየተባለ ነው ወደ ቤቱ የሚደርስ። ግን መርዶ እንኳ በመጨረሻ ይነገራል! ለቅሶው ቤት ከተደረሰ በኋላ "ደህና ነው" የሚል ሰው እኔ አይቼ አላውቅም። አንች ግን ስድስት ዓመት ሙሉ "ትንሽ አሞታል" ላይ አቆምሽኝ።

የምረቃዋስ ድግስ? በግ አርደን፣ አጎታችን አባ ዳኘው ከገደራ መጥቶ፣ ዳቦውን ባርኮ፣ የወገን ሐኪም ያድርግሽ ብሎ መረቃት። ወረቀቱን እስቲ አንብቢልን ሲልሽ ተነሥተሽ ስሟን አነበብሽ፣ ቀኑን አነበብሽ፣ ከዚያ እልልታውን አቀለጥሽው። ኦሪያን አትስቀይው እማ እያለች ስታለቅስ ከደስታ መስሎኝ በገዛ እጄ ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት። በዚያ ግድግዳ ሥር ስንት ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ተቀምጦ በላ፣ ጠጣ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ! አንድ የነገረኝ የለም። ሁሉም ጨዋ! ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይኸው ነቀዘ። አባ ዳኘው ዛሬም በየሳምንቱ ይደውላል፣ ሐኪሟ ደረሰች ወይ እያለ። ምን ልበለው? እስቲ አንች ተርጉሚልኝ።

ልጅቱ የት እንዳለች ልንገርሽ። ቤኤር ቱቪያ ገብታለች። እኔ ካለሁበት ማሸጊያ፣ ከእኔ ሦስት ሰው ዝቅ ብላ ቆማ ካርቶን ታሽጋለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ የቀሯትን ፈተናዎች ለማሟላት ትማራለች፤ ሁለት ዓመት ይፈጃል ብለዋታል። ሥራ አላሳፈረኝም፤ አንችንም እነሱንም ያሳደግኋችሁ በዚያው ሥራ ነው። ግን እኔ እዚያ የቆምኩት ልጄ አጠገቤ መጥታ እንድትቆም አልነበረም። በዕረፍት ሰዓት ጓንቷን አውልቃ ጣቶቿን ስታሽ አያታለሁ። ቀና ስትል ዞር እላለሁ።

አሁን ደግሞ የሊኖይ ተራ ደረሰ። ትንሿ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ልትጨርስ ነው፣ ዘንድሮ ሂሳብ ከብዷታል። ያው ወረቀት መጣ። ያው ተማሪ የማይበዛበት ክፍል፣ ከሥሩ ያው የፊርማ መስመር። አልፈረምኩም! በሰፈራችን የባህል ማዕከል፣ በማትናሱ፣ ዕብራይስጥ ወደምታስተምረን ወደ ኢላና ይዤው ሄድኩ። አትሳቂ፣ እማራለሁ፤ ዓመት ሆነኝ፣ ያልነገርኩሽ ሳነብ ላስደንቅሽ ብዬ ነበር። ኢላና ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀቱን ቃል በቃል አስነበበችኝ። ሂሳብ በሦስት፣ በአራት፣ በአምስት ደረጃ እንደሚወሰድ፣ በዝቅተኛውም ቢሆን ሌላው ከተሟላ ባግሩት እንደሚገኝ፣ የሚቀረው ፈተናዎቹ ሲጎድሉ እንደሆነ፣ አንዴ ከተፈረመ መመለሱ ከባድ እንደሆነ፣ ሳይፈረም ግን ሁሉንም መጠየቅ እንደሚቻል አሳየችኝ። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያሻም። የሚነግር ሰው ብቻ ነው የሚያሻ! በፊርማው ቦታ ላይ በገዛ እጄ፣ በዕብራይስጥ፣ "አልስማማም፣ ላነጋግራችሁ እፈልጋለሁ" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ፊደል ገልብጫለሁ። ኢላና ላርመው ስትለኝ ተይው፣ ይገባቸዋል አልኳት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቀጠሩኝ።

ለዚያ ቀጠሮ የሊኖይን የድሮ ውጤት ልፈልግ ብዬ ትናንት ትልቁን ሻንጣ ከአልጋው ሥር ሳብኩት። ይህን ደብዳቤ ስድብ ብቻ አድርጌ ልልክልሽ ነበር፤ ሻንጣው ከለከለኝ። ከታች የመጣንበት ወረቀት አለ፣ የእናታችን የሞት ወረቀት አለ፣ ከእነሱ ጋር ያንች አለ። ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ የጨረስሽ ጊዜ አምጥተሽ፣ ይሄ ያንች ልፋት ነው እታለም ብለሽ እጄ ላይ ያስቀመጥሽው። ስሜው በላስቲክ ጠቅልዬ ነበር ያኖርኩት። ያኔ ፊደሉ ለእኔ ጌጥ ነበር። አሁን አነባለሁ፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየተደናቀፍኩ፣ ግን አነባለሁ። የኦሪያንን አመጣሁና ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። ከላይ ያለውን ትልቁን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አስተያየሁት። ደግሜ አስተያየሁት፤ አንድ ፊደል አይለያይም። ከዚያ መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።

ኮሌጅ ጀምሬ መንገዱ ራቀኝ፣ ተውኩት ያልሽኝ ትዝ አለኝ። እኔም ያንን ሁሉ ደክሜ እንዴት ትተይዋለሽ ብዬ አንድ ወር ሙሉ አኩርፌሽ ነበር። የትኛው ኮሌጅ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አላውቅም።

ሌላም ትዝ አለኝ። እናታችን ከሞተች በኋላ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመትሽ ይሆናል። ለሰንበት ከአዳሪው ስትመጭ ወረቀት ይዘሽ መጣሽ፣ አሳዳጊ ይፈርም ብለዋል አልሽኝ። እኔ ከፋብሪካ ገብቼ እግሬን ዘርግቼ ነበር። ምን ይላል? አልኩሽ። ብዙ መስመር ነበረው። አንች አየት አድርገሽው፣ ጥሩ ልጅ ናት ይላል አልሽኝ። ፈረምኩ።

የገባኝን እዚህ አላሰፍረውም። አንችም መልስ እንድትጽፊልኝ አልፈልግም። ቁጣዬ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም፤ በማን ላይ እንደማሳርፈው ግን ጠፋኝ።

ትምህርት ቤቱ ተርጓሚ በስልክ እናገናኝሽ ብሎኝ ነበር። አይሆንም፣ እህቴ ትመጣለች አልኩ። ያንን ክፍል ከውስጡ የሚያውቅ ሰው ነው የምፈልገው። ነይ። ሊኖይ መሀላችን ትቀመጣለች፤ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቷን እንዳትነኪ። ሴትዮዋ ያለችውን ሁሉ ንገሪኝ፣ ክፉውንም። ልጅሽ አትችልም ካለች፣ አትችልም አለች በይኝ። እኔ የምመልሰውንም ሳትቀንሺ ንገሪያት፣ ስድብ ካለበትም ከነስድቡ። መሀል ላይ ማልቀስ ቢመጣብሽ አልቅሽና ቀጥይ፤ እኔ እጠብቅሻለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትል አልነበር እናታችን?

በይ፣ ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሰንበት በቂም አይገባም። እግዚአብሔር ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ባልሽን ይጠብቅልሽ። እስከ ማክሰኞ በሰላም ያድርሰን።

ወረቀትሽን በላስቲኩ መልሼ ጠቅልዬ ከሻንጣው ታች አኑሬዋለሁ። ትናንት ኦሪያን ከሥራ ስትገባ ከፊቴ ተዘርግቶ አገኘችኝና፣ የምን ወረቀት ነው የሚያስለቅስሽ ብላ እጇን ዘረጋች። የእናቴ ነው አልኳትና ሻንጣውን ዘጋሁት።

ያሳደገችሽ እህትሽ