ለአማት የሚሆን አማርኛ

ኢየሩዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ጉለሌ፣ ከቁስቋም ማርያም በታች ቤት ተከራይቼ፣ ሰው እንደ ሰሚው አነጋገሩን እንዴት እንደሚለዋውጥ አጠናለሁ። አከራዬ አቶ ዓምሃ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ ግዕዝ ሳይቀላቅሉ ሰላምታ እንኳ አይሰጡም። ልጃቸው ልዩ የወደደችው ግን አክሊል የሚባል የታክሲ ሹፌር ነው፤ አፉ የለየለት የሽሮ ሜዳ አራዳ።

አባትየው ፊት የሚቀርብበት ቀን ሲቃረብ «አንቺ የቋንቋ ተማሪ ነሽ፤ በአፌ ምክንያት እንዳላጣት እርጂኝ» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ አለማመድኩት።

እሑድ ከረባት አስሮ መጣና ጎንበስ ብሎ «ክቡር አባታችን፣ በዛሬው ዕለት በፊትዎ ለመቆም በመብቃቴ ልባዊ ደስታዬን እገልጻለሁ» አለ፤ ልክ እንደ ዜና አንባቢ።

አቶ ዓምሃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጀለስ፣ አትጨናነቅ፤ በቃ ፈታ በል» አሉት። ለካ እሳቸውም ልጁ እንዳይፈራቸው ብለው ከልዩ ሲማሩ ከርመዋል።

አክሊል ደስ ብሎት ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። «ይመችህ፣ ፋዘር» አለ።

ልዩ ዓይኗን ጨፈነች። እኛ ደብረ ማርቆስ ቢሆን፣ አማቱን «አንተ» ላለ ሰው በሩን ነበር የሚያሳዩት። አቶ ዓምሃ ግን እንደ ምርቃት ተቀብለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አሜን ልጄ፤ ለሁለታችሁም ይመቻችሁ» አሉ።

የፖስታ ካርዱ ቦታ ስላለቀ ጠርዙ ላይ ነው የምጽፈው። የእማማ ደሳለችን ጉልበት ሳሚልኝ፤ አንቺም ለሰርጉ ቀሚስ አሰፊ።

ሰርካለም