እግሬ ሚኒባሱ ላይ አልወጣ አለ

ለምወድህ ወንድምጋሼ በድሉ፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናህስ እንዴት ነው? የእማዬ ዓይን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዳነላት ወይ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

«በአካል» ያልኩህ ያለ ነገር አይደለም። በስልክ እንዳልነግርህ እማዬ ሁልጊዜ አጠገብህ ናት፤ ስለዚህ ይህን ለብቻህ አንብበው።

እንደምታውቀው ሥራዬ ቤታቸው ውስጥ የሚጎዱ ሕፃናትን አይቶ ደህና ቦታ ማድረስ ነው። ኅዳር ላይ ጎረቤት ጠቁሞን፣ ከባልደረባዬ ከጂራ ጋር እጃጂ ከተማ አጎቷ ዘንድ የምትኖር አንዲት ልጅ ልናይ ሄድን። ስሟን አልጽፍልህም። ጀርባዋ በገመድ ተተልትሏል። ፖሊስ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረብን፤ ልጅቷ ግን ቀሚሴን ይዛ አልለቅ አለች። ይዘናት ስንወጣ አጎትየው ጂራን በአጣና ትከሻው ላይ አለው፤ አጥንቱ ተሰበረ። ልጅቷ አሁን ጊንጪ አክስቷ ጋ ናት፤ ትምህርት ጀምራለች።

ሰውየው ታስሮ በዋስ ወጣ። አንድ ቅዳሜ የተከራየሁበት ግቢ ድረስ መጥቶ፣ «ያቺ የሰው ልጅ የምትሰርቀው እዚህ ናት?» ብሎ አከራዬን ኦቦ ሂርጳን ጠየቃቸው። እሳቸውም በኦሮምኛ «አስ ሂን ጅርቱ፣ እዚህ የለችም» ብለው በሩን ዘጉበት። እኔ ጓዳ ተቀምጬ እሰማ ነበር።

የባሰ ያስፈራኝ ግን ይህ አይደለም። አንዲት እናት ፊቴ ተቀምጣ ስለ ልጇ እያለቀሰች ስታወራኝ፣ እኔ ምሳ ምን እንደምበላ አስብ ነበር። በሌላው ሳምንት ለሌላ ጉዳይ እጃጂ ሂጂ ተባልኩ። መናኸሪያ ደረስኩና እግሬ ሚኒባሱ ላይ አልወጣ አለ። ረዳቱ «እህቴ፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?» ይለኛል፤ እኔ ላብ አጥምቆኝ ቆሜያለሁ። ትተውኝ ሄዱ።

ለአለቃዬ ለጃለኔ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ስል በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «እኔም በእንቅልፍ ኪኒን እየተኛሁ የሠራሁበት ጊዜ አለ፤ ለሰው አልተናገርኩም» አለችኝ። ከዚያ ፈቃድ ሰጠችኝ፤ ከእንግዲህም ማናችንም ያለ ፖሊስ ሰው ቤት እንዳንገባ አዘዘች። ጂራ ግን ትከሻው ከዳነም በኋላ አልተመለሰም፤ ባኮ ወንድሙ ጋ ሆኖ በቆሎ ይነግዳል። አልፈረድኩበትም።

እና ወንድምጋሼ፣ የፊታችን ሐሙስ እመጣለሁ። ስመጣ ስለ ሥራው አትጠይቀኝ፤ ራሴ እስክጀምር ጠብቀኝ። ልመለስ ወይም ልተወው ገና አልቆረጥኩም። ብተወው ግን «ይህን ሁሉ ተምረሽ» እንዳትለኝ፣ አደራህን። ለእማዬ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ነው በላት፤ ውሸትም የለበትም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። መንበረን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። ልጅህን ምኞትን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ። አራሱን ሕፃን ግን እኔው መጥቼ እታቀፈዋለሁ። ቢያለቅስም አትቀበሉኝ፤ እኔው አባብለዋለሁ።

እህትህ አመለሸጋ
አምቦ፣ ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም.